ሄልካ ለአባቷ ልትሠራው የነበረው ፊልም

ኅዳር ፳፪
ዛሬም ቀረጻ የለም። መብራት ጠፍቶ ባትሪው አልሞላም። ካሜራማኑ አየነው እንጅባራን ሲዞር ዋለ። እኔና ሄልካ ሆቴሉ በረንዳ ላይ... ፊንላንድ አገሯ ነው፤ ፊልም ትጽፋለች፣ ታዘጋጃለች። የመጀመሪያው ፊልሟ አስመስግኗት ነበር። የኋለኞቹን ሰው አላያቸውም።
«ይሄ ካልሆነ ከእንግዲህ ገንዘብ ሰጥቶ የሚያሠራኝ የለም» አለችኝ።
ፊልሙ ስለ አባቷ ነው። እሷ ልጅ ሳለች እዚህ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍር ነበር። እኔ አገውኛውን አስተረጉማለሁ።

ኅዳር ፳፬
ዘንገና፣ አባቷ ጉድጓድ ያስቆፈረበት መንደር፣ እማማ እታለማሁ ቤት። «አባቴን ያስታውሱታል?» ብላ አስጠየቀች።
ካሜራውን ትተው እሷን እያዩ ተናገሩ። «ባሌ ውቤ፣ አፈሩ ይናዳል አልገባም አለ። ያ ፈረንጅ ግባ አለው። ተናደበት። ሬሳው ሳይወጣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።» እንባቸው ወረደ።
«ምን አሉ?» አለችኝ ሄልካ።
«በደንብ ያስታውሱታል» አልኩ።
ለምን ደበቅኳት? አዝኜላት? ወይስ ሥራዬ እንዳይቀር?

ኅዳር ፳፭
ሄልካን ላለማግኘት በጓሮ በር ወጣሁ።

ኅዳር ፳፮
የተቀረጸውን ደጋግማ ስታይ አገኘኋት። «ምሥራቅ፣ ምንድን ነው ያስለቀሳቸው?»
ነገርኳት። ሁሉንም። አልተቆጣችም። «ከዚህ የወጣነው በድንገት ነበር። እናቴ ምክንያቱን ነግራኝ አታውቅም» አለችና ክፍሏ ገብታ ዘጋች።
አየነው አኮረፈኝ። «ዝም ብትይ ምን ነበረበት? ሁላችንም ሥራ ልንፈታ ነው።»
እውነቱን ይሆን?

ኅዳር ፳፱
ኔትወርክ መጣ። ለፊልሙ ገንዘብ ለሚሰጧት ሰዎች ደውላ የሰማነውን ነገረቻቸው። «የተስማማነው ስለ ደግ አባት ነው፤ ሴትዮዋን ከፊልሙ አውጪያቸው» አሏት። እምቢ አለች። እነሱም ገንዘቡን ከለከሏት።
«አበቃልኝ» አለች። በቀስታ።

ታኅሣሥ ፩
ካሜራውን በር ላይ አስቀረችው። እማማ ፊት አንገቷን ደፍታ ቆመች። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁ፤ ለፊልም አይደለም።» አስተረጎምኩ። አንድም ቃል አላስቀረሁም።
እማማ እኔን እያዩ መለሱ።
«እሷ ልጅ ነበረች፤ ምን አደርጋታለሁ? ግን ውቤን ሰው ረሳው። ልጆቹ እንኳ መልኩን አያውቁ። መሣሪያውን አስገቡት፤ እኔ ልናገር።»
አየነው ሳይታዘዝ ገብቶ ካሜራውን ደገነ። ስለ ውቤ አወሩ። ሲስቅ እንዴት እንደነበር፣ ንብ እንዴት ይወድ እንደነበር። ሄልካ አላቋረጠቻቸውም።
ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «አባቷስ? አለ?»
«ሞቷል» አልኩ።
ጥቂት አሰቡ። «ነፍሱን ይማረው።»
ይህንንም ነገርኳት። ያኔ ነው ያለቀሰችው።