በሟች ስምምነት ስለተገኘው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ መሬት

ግንቦት 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ የፀሐይ ኃይል ቦታ መረጣና ዝግጅት ማስተባበሪያ ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በአቧራችን ውስጥ እየተመላለሱ ለሚደክሙት ባለሙያዎችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኛ ከሁምቦ ዝቅ ብለን በቆላው የምንኖር ሰዎች በቆሎው በዝናብ እጦት ከመድረቁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህር፣ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታትም የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሦስቱ መልስ ስላላገኙ ነው፤ የሥራዎን ብዛት ስለማውቅ አልተቀየምኩም።

ጉዳዩ የዱቡሻችን ነው። ዱቡሻ ማለት መንደሩ ሙታኑን የሚያለቅስበት፣ ሽማግሌዎችም ተቀምጠው የተጣላ የሚያስታርቁበት ሜዳ ነው፤ መቃብሮቻችንም በዳሩ ናቸው። አይታረስም፣ ቤት አይሠራበትም፣ ዛፍም አይተከልበትም፤ አያቶቻችን ክፍት አድርገው ያቆዩት ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ እንዲበቃው ነው። ይህ ሜዳ ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ ታጥሮ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ እንደሚሆን የሚገልጽ ውሳኔዎ ስለደረሰን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ያልታረሰ፣ ያልተገነባበትና ዛፍ የሌለበት ሜዳማ ቦታ ሁሉ ሥራ የፈታ መሬት ነው ስለሚለው የመመሪያዎ አንቀጽ እናመሰግናለን። ከዳሩ የተኙት ወገኖቻችን ሥራ መፍታታቸውን እኛም አንክድም። ሆኖም መመሪያው ሲዘጋጅ አንድ ሰው ከመኪናው ወርዶ ይህ ሜዳ ለምን ባዶ ሆነ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ከብት የሚጠብቅ ሕፃን እንኳ ይነግረው ነበር።

2. ቅሬታ ያለው ሁሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ፣ ዝም ያለም እንደተስማማ እንደሚቆጠር የሚናገረውን ማስታወቂያ በቢሮዎ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ስለለጠፉልን እናመሰግናለን። ማስታወቂያው በጥሩ አማርኛ የተጻፈ መሆኑን አይቻለሁ። የመንደራችን ሰው ወላይትኛ እንጂ አማርኛ አለማወቁ፣ ወደ ሶዶም የሚወጣው በቆሎ ሊሸጥ እንጂ ኮሪደር ሊያነብ አለመሆኑ የራሱ ጥፋት ነው።

3. መጋቢት 14 ቀን አቶ ቦልቴን በቀበርንበት ዕለት ሁለት ባለሙያዎችዎ በመንገዳቸው ዱቡሻው ላይ ደርሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው አብረውን ስለቆሙ ከልብ እናመሰግናለን። ሲነሱም የነዋሪውን ብዛት ለማወቅ ያህል ብለው የዕለቱን የስም ጥሪ መዝገብ ፎቶ እንዲያነሱ ጠየቁኝ። ለቅሶ ደራሽን የጠየቀውን መንሳት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ገጹን ገልጬ፣ ነፋስ እንዳያገላብጠው በእጄ ይዤ አስነሣኋቸው። ያ ዝርዝር አሁን ተወያይተው የተስማሙ ነዋሪዎች በሚል ርዕስ ከውሳኔዎ ጀርባ ተያይዞ መጥቷል። ዕድራችን የቀብር ዝርዝሩን የሚጀምረው በሟቹ ስም ስለሆነ በተራ ቁጥር 1 የተስማሙት አቶ ቦልቴ ናቸው። ከቀብሩ የቀሩ ሦስት ሰዎችም ድምፀ ተአቅቦ እንዳደረጉ ተመዝግቧል። የአውራ ጣቴ ጥፍር ሳይቀር ሁሉም ፎቶው ላይ በደንብ ይታያል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኙ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱ ግን እርስዎ ዘንድ ነው።

4. የአቶ ቦልቴ የበኩር ልጅ ባዳቾ አባቱ ከሞቱ በኋላ መሬት እንዳልፈቀዱ ለማስረዳት ማክሰኞ ግንቦት 2 ቀን ወደ ቢሮዎ መጥቶ ነበር። በመልካም ሁኔታ ተስተናግዶ መሸኘቱን ጸሐፊዎ ስለነገሩን እናመሰግናለን። ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀኑ ነው፣ ቤቱ አልገባም። ሊያፈላልጉት የሄዱት ሽማግሌዎች ጃንጥላውን በጥበቃችሁ ክፍል ጥግ ቆሞ አይተውታል፤ ሲጠይቁም የማንም አይደለም ተብለዋል። ከዚያ ወዲህ ከመንደራችን ቅሬታ ይዞ የመጣ ሰው የለም። ይህንንም በስምምነት መዝግባችሁት ይሆናል።

5. ኃይሉ ከዱቡሻችን ላይ ተነሥቶ ወደ ከተማ እንደሚያልፍ ሰምተናል። ምሰሶውን እንዲያሳልፉብን ፈቅደናል፤ ተራ ቁጥሩን እርስዎ ይሙሉልን።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። አፍሬአለሁ፤ ፈርቻለሁም። የአቶ ቦልቴ ባለቤት ወይዘሮ ትርፌ ባላቸውን ከመቃብር አስነሥቼ ያስፈረምኩባቸው እኔ እንደሆንኩ ስለሚያምኑ ሰላምታዬን አይመልሱም፤ ልጃቸው ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ቤታቸው የሚገባ ሰው እኔ አብሬው አለመሆኔን ካላረጋገጠ በር አይከፈትለትም። በሌላ ቦታ ላይ ፀሐይ አትወጣም ብለን አናምንም፤ መብራትም አልጠላንም። የምንለምንዎ ዝርዝሩን ከውሳኔው ላይ እንዲያነሡ፣ ባዳቾ የት እንዳለ እንዲነግሩን፣ ከዚያም ከሰኔ 1 በፊት ራስዎ መጥተው ሕይወት ያላቸውን ሰዎች እንዲጠይቁ ነው። አጥሩ ከቆመ በኋላ የሚሞተውን ሰው የት ቆመን እንደምናለቅሰው አላውቅም።

ለሰጡንና ለሚወስዱብን ሁሉ እያመሰገንኩ፣ ከሰኔ 1 ወዲያ መሞት የሚቻለው በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ማብራሪያ እስኪደርሰን በትዕግሥት በመጠባበቅ ላይ ያሉትን አባሎቻችንን ወክዬ፣

ይስሐቅ ወልደመስቀል
የዕድሩ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ የቢሮዎ ሹፌር የጥሪ ወረቀት አደረሰኝ። ነገ፣ እሑድ ቢሆንም፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለአጭር ውይይት፣ ብቻዬን፣ ዋናውን መዝገብ ይዤ እንድቀርብ ይላል። እመጣለሁ። ገጾቹን በእጃቸው ጽፈው የገለበጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ስላሉ መዝገቡ ቢሮዎ ውስጥ ቢጠፋ አይጨነቁ። ዕድራችን በስም ጥሪ ያልተገኘን አባል ሁሉ ይቀጣል፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን አባላቱ ዱቡሻው ላይ ተሰብስበው፣ እኔ ከነገ ጀምሮ ባልገኝ ሰበብ ሳልጠየቅ እንድታለፍ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ።