የግራዝማች ቅልጥም

ከሉማሜ ማዶ፣ ጥር 6 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ከእናት ለማታንሰኝ እኅቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከጉልበቴ፣ ከቁርጭምጭሚቴና ከግራ እጄ አውራ ጣት በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሚስቴ የብርጓልም ደኅና ናት፤ እጅ ትነሣሻለች። ይህን የሚያደርስልሽ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ነው። የጣልያን ዘበኞች እንዳያገኙበት ጥምጥሙ ውስጥ ስለሚሸሽገው ወረቀቱ ቢጨማደድ አትቀየሚኝ።

ባለፈው የላክሽልኝ ቃል ደርሶኛል። ባላገር በመግባትህ ደግ አደረግህ፣ ነፋሱ ይስማማሃል፣ ዕረፍትም ታገኛለህ ብለሻል። የትኛውን ዕረፍት እንደሆነ ብትነግሪኝ ደስ ባለኝ። እኔ ሃያ ዓመት ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። ጣልያን ጽሕፈት ቤቱን ይዞ ለእኔ ጻፍልኝ ቢለኝ ወደ ሚስቴ አገር የሸሸሁት አርፌ ልቀመጥ ብዬ እንጂ ልሮጥ ብዬ አይደለም። እዚህ አገር ግን የተቀመጠ ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላቸዋል። ከቅዳሴ መልስ ፈረስ ጋልብ ይሉኛል። በማግሥቱ ሚዳቋ አደን ካልወጣህ ይሉኛል። አንድ ቀን ደግሞ ዋና ካላስተማርንህ ብለው በዚያ ብርድ ወንዝ ከተቱኝና ሁለት ጎልማሶች በብብቴ ይዘው ጎትተው አወጡኝ። አማቴ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ቆመው ሲያዩ ነበር። ሆድህ የወረደው ከመቀመጥ ነው፣ ውሃው ይመልስልሃል አሉኝ።

የገናው ጨዋታ ግን ከሁሉ የባሰ ነው። አጨዳው ካለቀ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ፣ ያውም በጾም ሆድ፣ ላይኛውና ታችኛው መንደር ተከፍሎ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዞ አንዲት ሩር፣ የእንጨት ድቡልቡል፣ ሲያሳድድ ይውላል። እምቢ ማለት አይቻልም። እኔ ወር ሙሉ ሩሯን አንድ ጊዜ እንኳ አልመታኋትም። አፈር መትቻለሁ፣ ጉቶ መትቻለሁ፣ የገዛ አውራ ጣቴን መትቻለሁ። ሳቃቸውን ለምጄው ነበር።

ሳቁ የቀረው በእኔው ጥፋት ነው። ግራዝማች ሙላት የሚባል አለ፤ ጣልያን የሾመው የዚህ አገር አዛዥ ነው። እሱም እንደ ሌላው ዱላ ይዞ ይጫወታል። አንድ ቀን ሩሯ ተንከባልላ እግሬ ሥር ቆመች፤ ግራዝማች ደግሞ ከፊቴ መጣ። ለሹም ስነሣና ስቆም የኖርሁ ሰው አይደለሁም? ገለል አልሁና እጅ ነሥቼ ይለፉ ጌታዬ አልሁት። ሁሉም ዱላውን ዝቅ አድርጎ ያየኝ ጀመር። ቤት ስንገባ የብርጓል እያለቀሰች ነገረችኝ። ገና ሜዳ ላይ ጌታ የለም፤ ሹሙን መግፋት፣ መስደብ፣ ዱላ ቢያርፍበትም አለመቆጣት ነው ወጉ። እዚያ እጅ የሚነሣለት ሰው በሌላው ቦታ ምን እንደሚያደርግለት ማን ያውቃል ብሏል መንደሩ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስመጣ ወሬው ይቋረጣል፤ ስሄድ ይቀጥላል። የሚስቴ ወንድም ደምለው ጠመንጃውን ይዞ ዓባይ በረሃ ከወረደ ዓመት ሊሞላው ነው። አማቴ የእሱን ነገር ለግራዝማች የማቀብል መሰላቸው። የብርጓል እንኳ ስንቅ የምትልክለትን ቀን ትደብቀኝ ጀመር። ለጣልያን ላለመጻፍ ቤቴን ጥዬ የመጣሁ ሰው በሚስቴ ቤት የጣልያን ሰላይ ሆኜ አረፍሁት። ምን ያህል እንዳንገበገበኝ አልነግርሽም።

ግራዝማች ግን እጅ መንሣቴ ልቡ ገብቶ ኖሯል። ለገና በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው አስጠራኝ። ጸሐፊው ታሞበት ኖሮ ከጣልያኑ ሹም የመጣ ወረቀት አንብብልኝ አለኝ። አነበብሁለት። ሰኞ ወታደር ይመጣል ይላል። በረሃ የሚያወርደውን ስውር መንገድ ከጣልያን ወገን ድኩላ ሲያድንበት ከኖረው ከግራዝማች በቀር የሚያውቀው ስለሌለ ራሱ በእግሩ እየመራ ያውርድ ይላል። የሚፈለጉት ሰዎች ስም ከታች ተጽፏል። ሁለተኛው ደምለው ነው። ለማን ልንገር? ለአማቴ ብነግር ግራዝማች ያስተማረኝ ወጥመድ ነው ማለታቸው አይቀርም። ያን ዕለትም ማግሥቱንም እህል በአፌ አልዞረም። ለጾሙ ብዬ ነው አልኋቸው።

ቅዳሜ ገና ዋለ። ግራዝማች ነጭ በነጭ ለብሶ መጣ። ግርግር ሆነ፤ ዱላዬን አነሣሁ፤ ሰነዘርሁ። ያረፈው ግራዝማች ቅልጥም ላይ ነው። የአጥንቱን ድምፅ ሜዳው ሁሉ ሰማው። ሩሯ የት ነበረች ብለሽ አንቺም እንዳትጠይቂኝ። ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ስለሆነ ሰልችቶኛል። ግርግር ነበር አልሁ፤ አበቃ።

ግራዝማች እንደ ወጉ አልተቆጣም። በቃሬዛ ሲሸከሙት ጥርሱን ነክሶ ጨዋታ ነው አለ። ወንድሙ ግን ሆን ብሎ ነው አለ። ሆን ተብሎ ከሆነ ደግሞ ጨዋታነቱ ይቀርና ደም ይሆናል፤ የእኔም የአማቴም ቤት አይተርፍም። በማግሥቱ እሑድ ሽማግሌ ደጀ ሰላም ተቀምጦ ወንጌል ወጣ። ያለምኸው ሩሯን ነው ወይስ ሰውየውን ብለው ጠየቁኝ። የብርጓል ከሴቶቹ መካከል ቆማ ታየኛለች። እጄን ወንጌሉ ላይ ጭኜ ሩሯን ነው ብዬ ማልሁ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሰኞ ወታደሮቹ መጡ። መሪያቸው በወጌሻ ታስሮ አልጋ ላይ ነው። እስከ ረቡዕ ጠብቀው ተመለሱ። ወጌሻው እስከ ፋሲካ መሬት አይረግጥም ብሏል፤ እስከዚያ በረሃ ያለው ሰው ሁሉ ቦታውን ይለውጣል። ሐሙስ ዕለት የወረቀቱም፣ የማንበቤም ወሬ ከግራዝማች ቤት ወጥቶ አማቴ ጆሮ ገባ። ማታውን ውሃ አሙቀው መጥተው እግሬን ካላጠብሁ አሉ። ኧረ እትዬ፣ አማት እንዴት እግር ያጥባል? ሳት ብሎኝ ሰው ስለመታሁ እግሬ አይታጠብም ብላቸው ዝም በል አሉኝ። እግሬን ሰጠኋቸው። መንደሩ ደግሞ ለጥምቀት ጉግስ ፈረስ አዘጋጅቶልኛል፤ እንዲህ ያለ እጅ መቀመጥ የለበትም ይላሉ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምን ይሻለኛል?

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የንስሐ አባታችንን አባ ኃይለ ሚካኤልን ጠይቂልኝ። የማውቀው አንድ ባላገር አለ። ሰው ለማትረፍ ብሎ ወንጌል ላይ በሐሰት ማለ። ቀኖናው ምንድን ነው? ስግደትም ቢሆን ጾምም ቢሆን ይፈጽማል። ተጸጽቷል ወይ ካሉሽ፣ በመሐላው ተጸጽቷል፣ በሌላው ግን ቢለው ቢለው አልሆነለትም በያቸው። ወረቀቱን እንዳታሳዪያቸው፤ የእጅ ጽሕፈቴን ያውቃሉ።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ጣልያንን ነቅሎ በአንድ ማዕድ ያሰብስበን። በጥምቀት ጠበሉ ሲረጭ ለእኔም ብለሽ ጠጋ በይ፤ ዘንድሮ እኔ የምቆመው ከሩቅ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ