በድጋፍ ጉዞ ላይ ሳሉ ላረፉት አዋላጅ ነርስ እህታችን

የማኅበራችን ሚስዮናዊት፣ አዋላጅ ነርስ፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት የነበሩት እህታችን ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ለድጋፍ ማሰባሰቢያ ጉባኤ በሄዱበት አጥቢያ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ውስጥ በድንገት አርፈዋል። ሐኪሙ ልባቸው ነው ብሏል። ማኅበሩ ይህን ለሠራተኞቹ፣ ለአባላቱ፣ ለደጋፊ አጥቢያዎችና በውጭ አገር ለሚያገለግሉ ቤተሰቦች ሁሉ ሲያሳውቅ፣ የተሰማውን ሐዘን በሚገባው ቃል መግለጽ አልቻለም። ከሐሙስ ወዲህ ጽሕፈት ቤታችን ተከፍቶ ውሏል፤ ሠራተኛውም በሰዓቱ ገብቷል። ስልክ ይነሳል፣ ሻይ ይፈላል፤ የተጠጣበትን ብርጭቆ ግን የሚያነሳ የለም። "ምን ላግዝ?" እያለ የሚመጣውን ሰው "እስቲ ቁጭ በል" ከማለት በቀር የምንነግረው ነገር አላገኘንም። መግለጫው የዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነውና ይቅርታ እንጠይቃለን።

እህታችን ወደ ማኅበሩ ከመምጣታቸው በፊት በአንድ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ይሠሩ ነበር። ባለቤታቸው የእንጨት ሥራ መምህር ናቸው። ለሚስዮናዊነት አመልክተው ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ፣ የዚያን ጊዜው የቦርድ ሰብሳቢ "ጥሪያችሁን እንዴት ትገልጹታላችሁ?" ብለው ጠየቁ። መናገር የማይሆንላቸው ባለቤታቸው ወደ እሳቸው ዞሩ። እሳቸውም "እዚያ ሴቶቹ የሚወልዱበት አልጋ የላቸውም ተባልን። እኔ ማዋለድ እችላለሁ፤ እሱ ደግሞ አልጋ መሥራት ይችላል" ብለው መለሱ። ሰብሳቢውም ማመልከቻቸውን ፈረሙበት። በዚያው ዓመት ታላቂቱን ልጃቸውን አዝለው፣ ታናሺቱን በሆዳቸው ይዘው ተጓዙ።

የተመደቡት በወንዝ ዳር ባለች አነስተኛ ከተማ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ነበር። መኖሪያቸው ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ሱቅ በስተጀርባ ያለ ባለሁለት ክፍል ቤት ሲሆን፣ ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ ባልና ሚስቱ በእጅ ምልክት ይግባቡ እንደነበር ባለቤታቸው ይናገራሉ። ከአገሩ ቋንቋ እህታችን በቅድሚያ የያዙት "አንድ ደቂቃ" የሚለውን ነበር። አትክልት ሻጯ ስታናግራቸው "አንድ ደቂቃ"፣ ጎረቤት ሰላም ሲላቸው "አንድ ደቂቃ" ይሉና መዝገበ ቃላቱን መግለጥ ይጀምራሉ። ሠፈሩም ስም አወጣላቸው፤ "እትዬ አንድ ደቂቃ" አላቸው። ቋንቋውን እንደ ውሃ ከጠጡት በኋላም ስሙ አልለቀቃቸውም፤ እሳቸውም ቅር አላላቸውም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያው ለመውለድ የመጣች ሴት አልነበረችም። ሴቶቹ እቤታቸው ነበር የሚወልዱት፤ ለማያውቁት ሰውም በር አይከፍቱም። እህታችን በየማለዳው ወለሉን ይወለውላሉ፣ መሣሪያውን ይቀቅላሉ፣ ከዚያ ወንበር አውጥተው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። ባለቤታቸው "ፀሐዩ አናትሽን ሊበሳው ነው፤ ወንበሩን ላስገባልሽ?" ሲሏቸው፣ "ተወው፤ ውስጥ ከገባሁ ማን ያየኛል?" ይሉ ነበር።

በመጨረሻ ምጥ ይዟት የመጣችው ከመንገዱ ማዶ ያሉት የልብስ ሰፊው ሚስት ናት። ከደጃፏ ሆና ስታያቸው ከርማ ኖሮ "እንዲሁ ተቀምጣ ከምትውል ብዬ ነው የመጣሁት" ብላ እንዳሳቀቻቸው እህታችን ደጋግመው ነግረውናል። ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ልብስ ሰፊው በሳምንቱ ለማዋለጃ ክፍሉ መስኮት ሰማያዊ መጋረጃ ሰፍተው አመጡ፤ ራሳቸው ሰቅለውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ቀረ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ ውጭ የሚያገለግል ቤተሰብ በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሰ በደጋፊ አጥቢያዎች ይዞራል። የእህታችን ቤተሰብም ወራት ሙሉ በአንዲት አሮጌ መኪና ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ሲጓዝ፣ በሰው ሳሎን በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ሲያድር ኖሯል። መርሐ ግብሩ አንድ ዓይነት ነበር። ሁለቱ ልጆች የሚያገለግሉበትን አገር ልብስ ለብሰው በዚያው አገር ቋንቋ ይዘምራሉ፤ አባት ፎቶግራፎቹን በፕሮጀክተር ያሳያሉ፤ እናት ይናገራሉ። ከጉባኤው በኋላ ምዕመናኑ የልጆቹን ጉንጭ እየቆነጠጡ "እስቲ አንድ ቃል አስተምሪን" ይሏቸዋል።

በአገልግሎታቸው ስድስተኛ ዓመት የልብስ ሰፊው ሚስት ሦስተኛ ልጇን ስትወልድ ደም ፈሰሳት። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት መኪና መሻገር አልቻለም። ሕፃኑ ተረፈ። እሷን ግን እህታችን ሊያተርፏት አልቻሉም። በዚያ ሰሞን በስልክ ስናገኛቸው ደኅና መሆናቸውን፣ ዝናቡ መቀጠሉን፣ ጓንት ማለቁን ብቻ ነገሩን።

በተከታዩ ዓመት ለድጋፍ ጉዞ ሲመለሱ፣ የማኅበሩ የድጋፍ ክፍል ኃላፊ የዚህችን ሴት አሟሟት በየአጥቢያው እንዲናገሩ ሐሳብ አቀረቡ። ንግግሩ የተደረገው በጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ሲሆን፣ ይህን መግለጫ ያዘጋጀነው ሠራተኞች አብዛኞቻችን ነበርን።

"ባሏን ሳልጠይቅ እንዴት እናገራለሁ?" አሉ እህታችን።

"እህቴ፣ እዚያ ማዶ ያለን ሰው እዚህ ማን ያውቀዋል?"

"እኔ አውቀዋለሁ። የክፍሌን መጋረጃ የሰፋው እሱ ነው።"

ከዚያም በጽሕፈት ቤቱ ስልክ ለልብስ ሰፊው ደወሉላቸው። በአገሩ ቋንቋ አጠር አድርገው ተናገሩና ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጡ። ስልኩን ሲዘጉ የተባሉትን ተረጎሙልን። "'እትዬ፣ በእሷ ሞት ሰው አያስለቅሱብኝ' ነው ያለኝ። በቃ፣ አይሆንም" አሉ።

ኃላፊው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የነበረችው ታላቂቱ ልጅ ቀደመቻቸው። ያኔ ገና ትምህርት ቤት ነበረች።

"እማዬ፣ እሱን ጠየቅሽው። እኛን ግን በየመድረኩ ታቆሚናለሽ፤ ዘምሩ፣ ፈገግ በሉ ትዪናለሽ። አንድ ቀን ጠይቀሽን ታውቂያለሽ?"

እህታችን ልጃቸውን ጥቂት አዩዋትና "አላውቅም" አሉ። ቀጥለውም "እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ። እሑድ መድረክ ትወጫለሽ?" አሏት።

"አልወጣም።"

"አንቺስ?" አሏት ታናሺቱን።

"ብስኩት ካለ እወጣለሁ" አለች ታናሺቱ።

ሁላችንም ሳቅን፤ እናትየውም ሳቁ። ሲስቁ ግን ዓይናቸው ከታላቂቱ ላይ አልተነሳም። ብስኩቱ ለታናሺቱ ተሰጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ልጆች መድረክ ላይ አልወጡም።

በዚያው እሑድ እህታችን ለብቻቸው ቆመው ስለ ጓንት፣ ስለ ፋኖስ፣ ሊታጠብ ስለሚችል ፍራሽ ተናገሩ። ያለቀሰ ሰው አልነበረም። በጉዞው ማብቂያ አንዳንድ አጥቢያዎች ድጋፋቸውን ወደ ሌላ አገልግሎት አዞሩ። የድጋፍ ክፍሉ ኃላፊ ውጤቱን ሲያስረዷቸው "እንግዲህ በተገኘው እንኖራለን" ብለው ሻንጣቸውን ማሰር ጀመሩ። የኑሮው መጥበብ ቀልድ አልነበረም። ባለሁለት ክፍሉን ቤት ለቀው በባለቤታቸው የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ወዳለ አንድ ክፍል ገቡ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውጥተው ራሳቸው አስተማሩ፤ ባለቤታቸውም የከተማውን ወጣቶች እንጨት ሥራ ከማሠልጠን ጎን ለጎን ለከተማው ሰው በርና ጠረጴዛ እየሠሩ ሸጡ። ታናሺቱ ልጅ እስከ ዛሬ የመጋዝ ድምፅ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ትላለች።

በስምንተኛው ዓመት ቦርዱ ቤተሰቡ ጠቅልሎ እንዲመለስ ጠየቀ። እህታችን በዚያ ጊዜ ከከተማይቱ የመረጧቸውን ሦስት ወጣት ሴቶች አዋላጅነት እያስተማሩ ነበር። በስልክ የሰጡት መልስ "ሦስቱ ያለ እኔ ማዋለድ ሲችሉ እመጣለሁ" የሚል ነበር። ሦስቱም ቻሉ። እሳቸው ግን አልመጡም፤ እኛም ደግመን አልጠየቅንም። ዛሬ በዚያ ጤና ጣቢያ የወንዙ ውሃ ሲሞላ ነፍሰ ጡሮች ቀድመው መጥተው የሚቆዩበት ክፍል አለ። አልጋዎቹን የሠሩት ባለቤታቸው ናቸው፤ ግድግዳውን ያቆመው የከተማው ሰው ነው።

ታላቂቱ ልጅ አድጋ በመድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ታናሺቱ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። በዘንድሮው የድጋፍ ጉዞ ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ነበሩ። ሐሙስ ዕለት ከምሳ በኋላ ወደ አጥቢያው ደረሱ። እህታችን ጥቂት እንደደከማቸው ተናግረው "እስቲ ጋደም ልበል፤ ሰዉ መምጣት ሲጀምር ቀስቅሰኝ" ብለው ወደ ማረፊያው ክፍል ገቡ። ባለቤታቸው ከአዳራሹ ጠባቂ ጋር ወንበር ሲደረድሩ፣ ፕሮጀክተሩን ሲያገናኙ ቆዩ። ሰዉ መምጣት ሲጀምር ሊቀሰቅሷቸው ሄዱ።

የአጥቢያው መጋቢ መድረክ ላይ ወጥተው የሆነውን በአጭሩ ተናገሩ። ተነሥቶ የሄደ የለም። መዘምራኑ ቆመው ነበር፤ አልዘመሩም፤ እንዲቀመጡ የነገራቸውም ስለሌለ እንደቆሙ ቀሩ። ባለቤታቸው ወደ አዳራሹ ተመልሰው የፕሮጀክተሩን ገመድ ጠቀለሉ። ጠቅልለው ሲጨርሱ ፈቱት፤ እንደገና ጠቀለሉት። ጠባቂው አጠገባቸው ተንበርክኮ የገመዱን ጫፍ ይዞላቸው ቆየ።

ዜናውን ወደ ጤና ጣቢያው ያደረሰችው ታላቂቱ ልጅ ናት። ስልኩን ያነሳችው ከሦስቱ አዋላጆች አንዷ ስትሆን፣ ያን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። አዋላጇ "ሰማሁ" ብላ ዘጋች። ሕፃኑ እስኪወለድ፣ ታጥቦ እናቱ ክንድ ላይ እስኪተኛ ድረስ ለባልደረቦቿ አልነገረቻቸውም። በኋላ መልሳ ደውላ ያለችው "ወልዳለች፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው" ብቻ ነበር። ታላቂቱ ልጅም "እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለቻት።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ በቤተሰቡ ፍላጎት በጥቂት ሰዎች ፊት ትናንት ተፈጽሟል። ጽሕፈት ቤቱ የቀረውን የድጋፍ ጉዞ ለመሰረዝ ተዘጋጅቶ ነበር። ባለቤታቸው ትናንት ከቀብር መልስ መጥተው እንዳይሰረዝ ጠይቀዋል። ሥራ አስኪያጃችን "ወንድሜ፣ ግድ የለም፤ ትንሽ ይረፉ" ቢሏቸው፣ "አርፌ ምን ልሁን? ቤቱም ዝም ያለ ነው። ልጆቹም 'ሂድ' ብለውኛል፤ ልሂድ" አሉ። ስለዚህ ጉዞው በተያዘለት ቀን ይቀጥላል።

ማኅበሩ ቀጥሎ የሚጎበኟቸውን አጥቢያዎች አንድ ነገር ይለምናል። እኚህ ሰው ንግግር አይሆንላቸውም፤ አሁን ደግሞ የሚናገሩት ነገር ያላቸው አይመስለንም። መድረክ ላይ አታቁሟቸው። "እንዴት ሆነች? ምን አለችዎት?" ብላችሁ አትጠይቋቸው። ፎቶግራፍ አታንሷቸው። ከታች፣ ከሰዉ ጋር፣ ወንበር ስጧቸው። ስለ ጤና ጣቢያው የሚነገረውን ከጽሕፈት ቤታችን የሚመጣ ሠራተኛ ይናገራል። ምናልባት በመሀል ተነሥተው የተነቃነቀ አግዳሚ ሲያጠብቁ ብታዩ፣ ተዉአቸው ይሥሩ።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ልጆቻቸው፣ በወንዙ ዳር ላሉ የሥራ ባልደረቦቻቸውና በእጃቸው ልጅ ላቀፉ እናቶች ሁሉ፣ ማኅበራችን ከሐዘናችሁ ጎን መቀመጡን ይገልጻል፤ እግዚአብሔር እያንዳንዱን ቀን እንድትውሉት አቅም ይስጣችሁ። ቅዳሜ ተረኛ የሆነው አጥቢያ አዳራሹን እንደ ወትሮው ይክፈት። የማረፊያውን ክፍል ግን አታዘጋጁ፤ ከጉባኤው በኋላ የሚያድሩት ከእናንተ የአንዳችሁ ቤት፣ ሰው በሚንጫጫበት ሳሎን ይሁንላቸው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞችና የቦርድ አባላት