ፔሊካኖቹን ከቅርብ ማየት ለወደዱት ኃላፊያችን

ይድረስ ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የበላይ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጭቃው ከጆሮዎ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ በቃላት መግለጽ ያዳግተኛል። እኔ ከአውሮፕላን ላይ ሆኜ የረግረጉን የውኃ ወፎች የምቆጥር ሠራተኛዎ ነኝ፤ ያን ዕለት የመስኮት ወንበሬን ለእርስዎ ለቅቄ ከኋላ ከሻንጣዎ ጋር የተቀመጥኩት ሴት ብልዎት ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። ለአደጋው ፓይለታችንን ተጠያቂ አድርገው ከሥራ ማገድዎን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቤ፣ ሳላመሰግን ብቀር ነውር መስሎ ታየኝ።

አንደኛ፣ ወፎቹ ደንግጠው እንዳይነሡ ከፍ ብለን መብረር እንዳለብን ፓይለቱ በትሕትና ቢያስረዳዎት፣ ወፍ የሚፈራ ሰው ማን ፓይለት እንዳደረገው በመጠየቅ ስላበረታቱት አመሰግናለሁ። ሞባይልዎን መስታወቱ ላይ ለጥፈው፣ ዝቅ ካላለ ነገ ሥራ እንደሌለው መንገርዎም ለፎቶግራፍ ጥበብ ያለዎትን ፍቅር አሳይቶኛል።

ሁለተኛ፣ ፔሊካኖቹ መምጣትዎን አውቀው በአንድ ጊዜ ከውኃው ብድግ አሉልዎት። አንዱማ አክብሮቱ ልክ አጥቶ የፊት መስታወቱን ሰብሮ ገባ። ፓይለቱ ፊቱ ደም በደም ሆኖ፣ በአንድ ዓይኑ እያየ አውሮፕላኗን ቄጠማው ላይ አሳረፋት። ሦስታችንም ተረፍን። የእርስዎ ሪፖርት ይህንን «የአብራሪ ብቃት ማነስ» ይለዋል፤ እኔ እንደ እርስዎ ቋንቋ ስላልታደልኩ፣ አተረፈን ብቻ ነው የምለው።

ሦስተኛውን ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር። ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ ሁለቱም ዓይኖቹ በፋሻ ታስረው ስለነበር፣ የእገዳውን ደብዳቤ የምታነብለት ሚስቱ ነበረች። አንብባ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኃላፊው ያን ዕለት በስብሰው ነበር፤ ብርድ አልመታቸውም?» አለኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አደጋ መርማሪዎቹ ሄጄ ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ ተናግሬ ፈርሜያለሁ። ለእርስዎም መጥሪያ ይደርስዎታል። መልካም ጉዞ፤ ቢሯቸው ምድር ቤት ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ከመስኮት ራቅ ያለ ሰፊ ወንበር እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ወፍ ቆጣሪዎ

ማስታወሻ፦ ፓይለቱ አዝሎ ከረግረጉ ሲያወጣዎት «እማዬ! እማዬ!» እያሉ ማልቀስዎን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ጨዋ ሰው ነው። እኔ ግን እንደሚያዩት አስተዳደግ ጎድሎኛል።