«ሠሪው ያልታወቀ»

ኦሮራ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ጃፓን ሸክላ ሥራ ለምትማረው ልጄ ለሮሆቦት፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ግን ተናድጃለሁ። ሸክላ ድስቴን ሳትነግሪኝ በሻንጣሽ ይዘሽብኝ ሄድሽ፤ ሽሮው በብረት ድስት እያረረብኝ ነው። ኤርፖርት የመንገደኛ ዊልቸር ስገፋ ውዬ ስገባ አባትሽ «ዛሬም አረረ?» ይለኛል።

የጻፍሽልኝን አነበብኩት። ከዘጠና ዓመት በፊት ጥቂት ጃፓኖች ተራ ሰው የሚገለገልበትን የኮሪያ ሸክላ አይተው ተደነቁ፤ እውነተኛ ውበት ያለው ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች ለዕለት አገልግሎት በሠሩት ዕቃ ውስጥ ነው አሉ፤ ይህንንም «የሕዝብ እደ ጥበብ» ብለው ሰየሙት፤ ብለሻል። እሺ። ታዲያ ውበቱ በመገልገል ከሆነ የኔን ድስት ለኤግዚቢሽን ብለሽ መስታወት ውስጥ ምን አስገባው? እኔ እኮ እየተገለገልኩበት ነበር።

ይባስ ብለሽ ከሥሩ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ላክሽልኝ፦ «ሠሪው ያልታወቀ፣ ኢትዮጵያ»። ደውዬ ስጠይቅሽ «ማሚ፣ ዛትስ ዘ ፖይንት፤ ስም አለመኖሩ ነው ውበቱ» አልሽኝ።

ምን ዓይነት ውበት ነው? እኛ አገር የሸክላ ሠሪ ስም የማይነሳው ቡዳ ናት ስለሚሏት ነው። ድስቷን ይገዛሉ፤ ቤቷ ገብተው ውሃ አይጠጡም፤ ልጇን አያገቡም።

ጊዜውም ጊዜ አይደለም። ለወንድምሽ ለእንዳልክ ሽማግሌ ልከናል። የልጅቷ አባት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ኮልፋክስ መንገድ ላይ ያለው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ አግኝተውኝ «የእናትሽ ወገኖች ምን ነበሩ?» አሉኝ። «ገበሬ» ብዬ ፊቴን ወደ በርበሬው አዞርኩ። ኤግዚቢሽኑ ፌስቡክ ላይ ይወጣል ብለሻል፤ እዚህ ስደት አገር ደግሞ የማያየው ሐበሻ የለም። ስለዚህ «ያልታወቀ» ማለትሽ ለእኔ ይሻለኝ ነበር። ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም። ያቺን ቃል ባየኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ድስቱን የሠራችው እናቴ ናት። አፈሩን ከወንዝ በጀርባዋ ተሸክማ አምጥታ፣ አቡክታ፣ በእጇ አበጅታ፣ በኩበት ተኩሳ ለሠርጌ ሰጠችኝ። ስሟ ሙሉነሽ ነው። በትልቁ ጻፊው። ለእንዳልክም አያቱ ሸክላ ሠሪ እንደነበረች ዛሬ እራት ላይ እነግረዋለሁ። አቶ ሀብተጊዮርጊስም እንደፈለጉ ይሁኑ፤ የሚፈልጉ ከሆነ ልጃቸውን ይስጡን፣ ካልፈለጉም ይቅር።

ብርድ እንዳይመታሽ ደርበሽ ልበሺ። ጭቃ የሚነካ እጅሽን እግዚአብሔር ይባርክልኝ።

እናትሽ
ምንትዋብ፣ የሸክላ ሠሪዋ የሙሉነሽ ልጅ