በሥራ ሰዓት ያልተገኙት ሎሪሶች

ለተከበሩ የደንና የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን እንደሚያምዎ ከጸሐፊዎ ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ቀንዎም ያለ አንዳች አስቸጋሪ ወረቀት እንዲያልፍልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በላይኛውና በታችኛው ጫካ መካከል ያለችውን ቀጭን የዛፍ መስመር አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቅሁ፣ አምስት ደብዳቤ ጽፌልዎ አንድ መልስ የደረሰኝ የደን ጥበቃ ነኝ። ይህን ስድስተኛውን በአደባባይ የምጽፈው አራቱ መንገድ ላይ ጠፍተው ይሆናል ብዬ እንጂ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል ብዬ አይደለም። ኧረ በጭራሽ!

ደብዳቤውን ሌላም ሰው ስለሚያነበው ስለ ሎሪስ ጥቂት ልበል። ሎሪስ የድመት ግልገል የምታክል፣ ዓይነ ትልቅ፣ ቀን ቅጠል ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታ ማታ የምትወጣ የዛፍ እንስሳ ናት። እግረ ቀጭን የሆኑ ዝርያዎች አሉ፤ የእኛዎቹ ግን ደልደል ያሉትና ዝግ ብለው የሚሄዱት ናቸው። መዝለል አያውቁም። ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ካልተነካካ መንገዳቸው እዚያው ላይ አለቀ። ጫካቸው እየተመነጠረ፣ እነሱም ለቤት መጫወቻ እየተያዙ ጥርሳቸው በጉጠት እየተቆረጠ ስለሚሸጡ፣ ዝርያቸው በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተጽፏል። እርስዎ ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ ከግድግዳዎ ላይ ያለው ፖስተር ይናገራልና።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ የመስመሯ ዛፎች ለመንገድ ማስፋፊያ ከመቆረጣቸው በፊት እንስሳቱ እንዲቆጠሩ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መጥቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ሁለቱ አባላት ጃንጥላ ይዘው፣ እስከ አሥር ሰዓት ሲዞር ዋለና «ሎሪስ አልተገኘም» ብሎ ፈረመ። እንስሳቱ ቀን እንደሚተኙ ለሰብሳቢው ብነግራቸው፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ መኪና እንደማይወጣ በትሕትና አስረዱኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር፤ ላም በዋለበት ቆሞ ኩበት የለም ማለት ግን የጽሕፈት ቤትዎ ፈጠራ ነው፣ እንኳን ደስ ያለዎ።

ሁለተኛ፣ የቆጠራው ቅጽ ላይ ለሎሪስ የሚሆን ቦታ ስላልነበረ «ጦጣና መሰሎቹ» ከሚለው ሥር እንድትገባ መደረጉ፣ ከዚያም ጦጣ በአካባቢው ስለሞላ ሥጋት የለም መባሉ እጅግ አስደንቆኛል። በዚህ አያያዝ እኔም የአጎቴ ልጅ በሕይወት እስካለ ድረስ ብሞት ችግር የለብኝም ማለት ነው። ወይ ጉድ!

ሦስተኛ፣ መቼም ሰው ነኝና አላስችል ብሎኝ፣ ዓይናቸውን እንዳይጎዳው ባትሪዬን በቀይ ጨርቅ ሸፍኜ ሦስት ሌሊት ራሴ ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ነበሩ፤ አንዷ ግልገሏን ሆዷ ላይ ለጥፋ የምትሄድ እናት ናት። ዝርዝሩን ከየዛፉ ቁጥር ጋር ላክሁልዎ። ያ አንዱ መልስዎ የደረሰኝ ያኔ ነው፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለ ፈቃድ እንስሳ በመቁጠሬ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። ባለቤቴ ሁለቴ አነበበችውና «እንግዲህ ጠዋት ጠዋት መዝገብ ላይ አስፈርማቸዋ» ብላ ሳቀች። 

አራተኛውን ምስጋና ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ወረቀቱን ቀደድኩት፤ ስለዚህ ያለ ምስጋና ይቅረብልዎ።

ባለፈው ማክሰኞ ቆራጮቹ ገቡ። ዘጠነኛው ዛፍ ሲወድቅ መጋዙ በድንገት ጸጥ አለ፤ ሮጬ ስደርስ ባለ መጋዙ፣ የአራት ልጆች አባት የሆነ ግዙፍ ሰው፣ ከቅርንጫፎቹ መሐል ተንበርክኮ አገኘሁት። ሎሪስ ስትደነግጥ አትሸሽም፤ ያለችበትን ይዛ ድርቅ ትላለች። እናቲቱም ቅርንጫፏን እንደያዘች ነው የሞተችው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነበር ያላቀቅናቸው። ግልገሏ ከሆዷ ሥር በሕይወት አለች። ሰውየው ግልገሏን በኮፍያው ይዞ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ የሉም ብለውኝ እኮ ነው» አለኝ። መጋዙን አስቀምጦ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። እርስዎ ግን በማግስቱ ሌላ ሰው ላኩ።

ክቡር ሆይ፣ ተቆጥቻለሁ። ከዚህ የተሻለ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁለት። አሁን የቀሩት ሃያ ስድስት ዛፎች ናቸው፤ እነሱም ሰኞ ይቆረጣሉ ተብሏል። ግልገሏ እኛ ቤት በቅርጫት ውስጥ የባለቤቴን አውራ ጣት ጨብጣ ትተኛለች። አድጋ ወደ ጫካ ስትመለስ ከላይኛው ወደ ታችኛው የምትሻገርባቸው፣ ዘመዶቿም የሚገናኙባቸው እነዚያ ሃያ ስድስት ዛፎች ብቻ ናቸው። መንገዱ በሜዳው በኩል ሊዞር እንደሚችል የራስዎ መሐንዲስ በጽሑፍ አቅርቦልዎታል። ሰኞ ጠዋት መጋዙ እንዳይነሳ አንድ ፊርማ ይበቃል፤ እባክዎ ይፈርሙ። ይህን ስለምንዎት እየቀለድኩ አይደለም።

ወንበርዎ ይመችዎ፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ ወገብዎም ጎንበስ ብሎ ጉቶ ለማየት ያህል ይሻልዎ እያልኩ፣

በታላቅ አክብሮት፣
ሁለተኛ ማስጠንቀቂያውን የሚጠባበቀው
የዛፍ መስመሯ ጥበቃ

ተጨማሪ፦ «ሎሪስ አልተገኘም» የሚለው የኮሚቴው ሪፖርት እንዲታረም በአክብሮት አመለክታለሁ። ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሙሉ የሥራ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ አንዲት ተገኝታለች። ዘጠነኛው ጉቶ ሥር ቀብሬያታለሁ። ኮሚቴው በሚመቸው ቀን መጥቶ ይቁጠራት፤ ከእንግዲህ ማታ ማታ አትወጣም።