ለአራጋው የመረጥንለት ጀልባ

ረቡዕ

«ሁለት ጀልባ አለኝ» አለ ሰይድ በስልክ ከሐይቅ ከተማ። አንዱ ጠባብና ፈጣን ነው፤ ዘሎ ለሚገባ ሰው። ሌላው ጠፍጣፋ፣ በበርሜሎች ላይ ሳንቃ የተነጠፈበት፣ ጣሪያና የብረት መደገፊያ ያለው። ዊልቸር ከነሰውየው ቀጥ ብሎ ይገባበታል። «አብሽሪ፣ ሠርገኛ ሁላ ይጨፍርበታል» አለኝ።

ፎቶ ላከልኝ። ልጆቹ ፈጣኑን ወደዱ። ትልቋ ልጄ ህሊና ግን አባቷን አየችና ስልኩን መለሰችልኝ።

ባለቤቴ አራጋው ሐይቅ ዳር ነው ያደገው። ላሊበላ የመጣው ለአስጎብኚነት፣ የቀረው በእኔ ምክንያት። ቀኝ ጎኑ ከከዳውና አንደበቱ ከተያዘ ስምንት ወሩ።

ሐሙስ

ታላቅ እህቱ እትዬ ዘውዴ ደወሉ። «ምን አስቸኮለሽ? ትንሽ ይሻለውና ትመጣላችሁ» አሉኝ። እግሩ አይመለስም ብሎኛል ሐኪሙ። ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ብቻ ጻፍኩት።

ጠፍጣፋው ይሁን አልኩት ሰይድን።

የምይዘው፦ መድኃኒቱ፣ ብርድ ልብስ፣ ቅያሪ ሱሪ፣ በሶ፣ የልጆቹ ኮፍያ። ሌላም ቅያሪ ሱሪ።

ዓርብ

ጋሸና ለቁርስ ቆምን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አስተናጋጇ «እሱ ሻይ ይጠጣል?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። እኔም መለስኩላት። አመሻሽ ላይ ሐይቅ፣ እትዬ ዘውዴ ቤት ደረስን። ደክሞኛል።

ቅዳሜ

ዛሬን ባልጻፍኩት።

ዳር ስንደርስ ሰው ሞልቷል። ሰይድ ዊልቸሩን ወደ ጠፍጣፋው ሊገፋ ሲል አራጋው በግራ እጁ ጎማውን ያዘ። አስለቀቅኩት፤ መልሶ ያዘ። «ምን ሆንክ?» አልኩት። ጀልባውን አሳየኝ፣ ከዚያ ራሱን፣ ከዚያ ሁለት ጣቱን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቀንድ ሠራ። እንደ ከብት ልትጭኑኝ ነው ማለቱ ነው።

አብሮ አደጎቹ ቆመው ያያሉ። በዋና ሁሉንም ይበልጣቸው ነበር። አለቀሰ። ከታመመ ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ከሰይድ መክሬያለሁ፣ ከእህቱ፣ ከልጆቹ። ከእሱ ጋር ግን አልመከርኩም። ፎቶውን እንኳ አላሳየሁትም። መናገር ስላቃተው መምረጥም ያቃተው መስሎኝ!

ሳንሳፈር ተመለስን። ትንሿ ማርታ «አባቢ እኛን ጠልቶ ነው?» እያለች።

እሑድ

ጠዋት ሁለቱንም ፎቶ ፊቱ አስቀመጥኩ። ሐኪሙ ያለኝንም ሁሉ ነገርኩት፤ እግሩ እንደማይመለስ ጭምር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጆቹ በልተው እስኪነሱ ድረስ እንደዚያው ነበር። ከዚያ ዞሮ ጠባቡን ነካ።

ሰይድና ሁለት አብሮ አደጎቹ አቅፈው አስገቡት። የመንሳፈፊያ ሰደርያውን እኔ አሰርኩለት። እትዬ ዘውዴ ዳር ቆመው «ኧረ ወንድሜን ቀስ!» ይላሉ። ጀልባው ሲንገዳገድ ሰደርያውን ጨብጬ ያዝኩ።

ውሃው ሲረጨን ልጆቹ በሳቅ ጮኹ። እሱ አልሳቀም። ሞተሩ እየወሰደን ግራ እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀዝፍ ነበር። እንባዬን እንዳያይ ወደ ተራራው ዞርኩ።

ስንመለስ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። ይቅር ብሎኝ ይሁን ደክሞት አላወቅኩም። «አራጋዬ፣ ይቅር አልከኝ?» አልኩት።

እንቅልፍ ወስዶት ነበር።